ገና ነው፤ ይክረም

ነገሩ የተነሳው ካስትሮ ቫሊ ውስጥ፣ ኮረብታው ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ቤት፣ ከዶሮ ወጡ በኋላ ነው። የቤቱ ባለቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ አሜሪካ የኖሩ፣ ብዙ ያነበቡና ብዙ አገር ያዩ ሰው ናቸው። ከጓዳ አንድ ጠርሙስ የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ ይዘው መጡ፤ ዕድሜው አሥር ዓመት። ቡሹን ከመንቀላቸው በፊት ወይኑ ከመቶ ስንት ነጥብ እንደተሰጠው ነገሩን። ከነቀሉት በኋላ ደግሞ ምን ምን እንደምንቀምስ ነገሩን፤ ካሲስ፣ ሴዳር፣ የሲጋራ ሣጥን። እኛም በየተራ አፍንጫችንን ብርጭቆው ውስጥ እየከተትን «አዎ፣ ሴዳር» አልን። ካሲስ የሚባለውን ፍሬ በዓይኑ ያየ ሰው ከመካከላችን የነበረ አይመስለኝም።

ተራው አክስቴ ዘንድ ደረሰ። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ደብረ ማርቆስ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅና ጠጅ ስትጥል ኖራ ልጆቿ ወደዚህ ያመጧት ናት። ጎንጨት አለች፣ አፏ ውስጥ አቆየችው፣ ዋጠችው። ከዚያ «አፍ ይሰበስባል። ጋኑ በወይራ የታጠነ ይመስላል። ግን ገና ነው ልጄ፤ ይክረም» አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱ እንባቸውን እየጠረጉ «እማማ፣ ይሄ እኮ ጠጅ አይደለም!» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚያ ሳቅ ላይ ነው፤ የራሴንም ይጨምራል።

እስቲ አክስቴ ያለችውን አንድ በአንድ እንመልከተው። «አፍ ይሰበስባል» ያለችው ታኒንን ነው። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ፣ በከፊልም ከበርሜሉ እንጨት የሚወጣ ነገር ነው፤ አፍ ውስጥ ሲገባ የምራቅን ፕሮቲን ይይዝና ምላስን ያደርቃል፣ ድድን ይጨመድዳል። ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ፣ ወይም እሳት ላይ ተረስቶ የወፈረ ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። «ጋኑ በወይራ የታጠነ ይመስላል» ያለችው ደግሞ በርሜሉን ነው። የቦርዶ ወይን ጠጅ የሚቀመጥበት የባሉጥ በርሜል ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይለበለባል፤ የጢሱ ሽታ ወደ ወይኑ ይገባል። እሷ ይህን በርሜል አይታው አታውቅም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጋን ስታጥን የኖረች ሴት፣ መጠጥ ከጠጣበት ዕቃ ጢስ እንደሚወርስ የሚነግራት መጽሐፍ አያስፈልጋትም። «ገና ነው፤ ይክረም» ያለችው፣ ፈረንሳዮች ስለ ታላላቅ ቀይ ወይኖቻቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲጨነቁበት የኖሩትን ጥያቄ ነው። ይህ ወይን ዛሬ ይጠጣ ወይስ ይቀመጥ? ቢቀመጥስ ይሻሻላል ወይስ እያደር ጥሬ ይሆናል?

ጓዳችን ካለው እውቀት ሁሉ በዚያ ምሽት እውነተኛ የቅምሻ ፍርድ የሰጠችው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቻችን ያነበብነውን ነው የደገምነው።

ስለ መክረም ትንሽ ላብራራ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኛው የዓለም ወይን ጠጅ ለመቀመጥ የተሠራ አይደለም፤ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ተጠጥቶ የሚያልቅ ነው፤ ቢያቆዩት ይጠፋል። ለረጅም ዘመን የሚቀመጠው ጥቂቱ ነው። በቂ ታኒን፣ በቂ ኮምጣጣነትና እነዚህን የሚመጥን የፍሬ ክምችት ያለው ቀይ ወይን፣ በጨለማ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ተጋድሞ ሲቀመጥ ውስጡ ቀስ እያለ ይለወጣል። ታኒኑ ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ከፊሉ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሐምራዊ የነበረው ቀለም ወደ ሸክላ መልክ ይሄዳል፤ የፍሬው ሽታ ለቆዳ፣ ለደረቀ ቅጠል፣ ለእርጥብ አፈር ቦታ ይለቃል። ሁሉም ነገር ልክ ከሆነ ምላስን ይጨመድድ የነበረው ይለሰልሳል። ልክ ካልሆነ ፍሬው ቀድሞ ይሞትና ምሬቱ ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ አንድ ወይን ይህን ጉዞ ይችላል ብሎ መፍረድ ትንቢት ነው። በቦርዶ ይህ ትንቢት በየዓመቱ የሚነገርበት ወቅት አለ። ከመከሩ ስድስት ወር በኋላ፣ ወይኑ ገና በርሜል ውስጥ እያለ፣ ነጋዴውና ጋዜጠኛው ይሰበሰባሉ፤ ይቀምሳሉ፤ ነጥብ ይሰጣሉ። «እስከ ሠላሳ ዓመት ይቆያል» ይባላል። ወይኑ በዚያው ሰሞን ይሸጣል፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ግን ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ትንቢቱ ባይፈጸም ገንዘቡን የሚመልስ ነቢይ የለም። ስንቶቹ ነቢያትስ ሠላሳ ዓመት ቆይተው ይጠየቃሉ? በድሮው የእኛ ቤተ መንግሥት ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከመቅዳቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ ቢኖርበት ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ፍርድ ማለት እንዲህ ነበር። የዛሬው ነጥብ ሰጪ ቢሳሳት አንድም ነገር አይደርስበትም።

ደግሞ ያ ሁሉ የፈረንሳይ የክብር ደረጃ ከምን እንደተነሳ አንርሳ። የሜዶክ ቀይ ወይኖች በአምስት ማዕረግ የተከፈሉት በ1855 ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ሲባል ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጁት የቦርዶ ደላሎች ናቸው፤ መለኪያቸውም ዋጋ ነበር። ውድ የነበረው አንደኛ ሆነ፤ አንደኛ ስለሆነም ውድ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ትልቅ ለውጥ ቢኖር በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማዕረግ መውጣቱ ነው። ይህን ስል ሻቶ ላቱር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ባገኝ በደስታ እጠጣለሁ። የደላላ የዋጋ ዝርዝር የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ሲጠቀስ ነው የማልታገሠው።

አሁን ከካስትሮ ቫሊ ወደ ማዶ እንመልከት። ጥርት ባለ ቀን ከኮረብቶቻችን ራስ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያየ ሰው፣ ከባሕረ ሰላጤው ባሻገር የሳንታ ክሩዝ ተራሮችን ያያል። ከሳን ሆዜ አጠገብ፣ ከኩፐርቲኖ በላይ፣ እስከ ስምንት መቶ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ሞንቴ ቤሎ የሚባል የወይን እርሻ አለ። ባለቤቱ ሪጅ የተባለ ጠማቂ ነው። የ1971ን ወይን የጠመቀው ፖል ድሬፐር ስታንፎርድ የተማረው ፍልስፍና ነበር። (ያለ ትምህርቱ ሥራ መግባት ለእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም ተስፋ ነው።)

ግንቦት 16 ቀን፣ በፈረንጆቹ ሜይ 24 ቀን 1976፣ ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል ፓሪስ ውስጥ የወይን ጠጅ ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊ፣ ስማቸው የተከበረ ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰብስቦ ጠርሙሱ የማይታይ ቅምሻ አዘጋጀ። ከቀዮቹ አራቱ የቦርዶ፣ ስድስቱ የካሊፎርኒያ ነበሩ። በቦታው የተገኘው ጋዜጠኛ የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር ብቻ ነው፤ ሌላው ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መስሎት ቀረ። ውጤቱ ሲነገር ከቀዮቹ አንደኛ የወጣው የናፓው ስታግስ ሊፕ የ1973 ወይን ሆነ፤ የ1970ው ሙቶን ሁለተኛ። ሪጅ ሞንቴ ቤሎ 1971 አምስተኛ ነበር። ከዳኞቹ አንዷ፣ የፈረንሳይ የወይን መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ኦዴት ካን፣ ነጥብ የሰጡበትን ወረቀት መልሱልኝ እንዳሉ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ ነው ለእኔ ዋናው። «የካሊፎርኒያ ወይን በልጅነቱ ይጣፍጣል፤ የእኛ ግን ለመክረም የተሠራ ነው። ታገሡ፤ ጊዜ ይፈርዳል» ተባለ። በሐቅ ከሄድን መልሱ ጨርሶ ሞኝነት አልነበረም። ጠንካራ ታኒን ያለው የቦርዶ ወይን በአምስትና በስድስት ዓመቱ ተዘግቶ የሚገኝ ነው፤ አክስቴም ብትሆን «ገና ነው» ትለው ነበር። የዚያን ቀን የነጥብ ልዩነትም በብዙዎቹ መካከል ጠባብ ነበር። ስለዚህ ጊዜ ይፍረድ ተባለ፤ ጊዜም ተሰጠው።

በ2006፣ ልክ በሠላሳ ዓመቱ፣ እነዚያው ቀይ ወይኖች በለንደንና በናፓ በአንድ ቀን እንደገና ተቀመሱ። አንደኛ የወጣው ሪጅ ሞንቴ ቤሎ 1971 ነው፤ በሠላሳ አምስት ዓመቱ። ከአንድ እስከ አምስት ያለውን የያዙት በሙሉ የካሊፎርኒያ ወይኖች ናቸው፤ ከቦርዶ ቀድሞ የመጣው ሙቶን ስድስተኛ ሆነ። «አይከርምም» የተባለው ከረመ።

ከዚህ ተነስቼ ካሊፎርኒያ ከቦርዶ ይበልጣል አልልም፤ በአንድ ቅምሻ አገር አይመዘንም። የምለው ሌላ ነው። «ይከርማል» እና «አይከርምም» የሚለው ፍርድ ከመቅመስ በፊት፣ ምድር ቤት ባለው ሰው የተሰጠ ፍርድ ነበር። የቦርዶ ወይን እንደሚከርም የታወቀው መቶ ዓመት ሙሉ ያስቀመጠው ሰው ስለነበረ ነው። የካሊፎርኒያው እንደሚከርም ያልታወቀው ያስቀመጠው ሰው ስላልነበረ ነው። በሠላሳ ዓመቱ እንኳ የታወቀው፣ ጥቂት ሰዎች ፍርዱን ሳይሰሙ ጠርሙሱን ጨለማ ውስጥ አጋድመው ስለቆዩ ብቻ ነው።

እኔን ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ ወይን ስለምወድ ብቻ አይደለም። በምማርበት ክፍል አንድ ቀን ስለ አማርኛ ልብ ወለድ ሳወራ «ወጣት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ በጊዜ ፈተና አላለፈም» ተባልሁ። ተናጋሪው በቅን ልብ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ሮም ላይ የታተመው በ1908 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ወጣት የሚያሰኘው ምንድን ነው? ያስቀመጠው፣ ያወጣው፣ የቀመሰው ሰው ማነሱ ነው። ጊዜ ብቻውን ማንንም አይፈትንም። ፈታኙ ጠርሙሱን የሚያስቀምጠውና በኋላ የሚከፍተው ሰው ነው።

ታዲያ ይህን ፍርድ በላያችን የሚጭኑብን ሌሎች ብቻ ቢሆኑ ምንኛ ቀላል ነበር! በካስትሮ ቫሊው ሳሎን የሳቅነው ሁላችንም ሐበሾች ነን። «ለወይን ቅምሻ በአማርኛ ቃል የለም» የሚለውንም ከፈረንጅ አፍ አልሰማሁትም፤ ከእኛው ነው የሰማሁት፤ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠው የወይን ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ከሚያነቡ ሰዎች።

ቃል የለም? እንግሊዝኛ ስለ ወይን መክረም አዘውትሮ ያረጃል ይላል፤ ለሰውም ለወይንም። ፈረንሳይኛም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አማርኛ ግን ጊዜን በልክ ይቆርጣል። አንድ ሌሊት የቆየ አደረ፤ ሰንበት ያለፈው ሰነበተ፤ በጋውን የገፋ ባጀ፤ ክረምቱን ያሳለፈ ከረመ። ያደረ ጠላ፣ የሰነበተ ጠጅ፣ የከረመ ማር ስንል ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እያወራን ነው። መጠጡ ገና ከሆነ ጉሽ ነው። ሲበቃ ደረሰ። ዝቃጩ ወደ ታች ወርዶ ሲጠራ ሰከነ፤ የሰከነ ሰው እንደምንለው። ጊዜው ሲያልፍበት ጃጀ። አንድ የስልሳ ዓመት ቡርጎኝ ፍሬው አልቆ ትዝታው ብቻ ሲቀር ከ«ጃጀ» የተሻለ ቃል ፈረንሳይኛ ያለው አይመስለኝም። የታችኛውን ዝቃጭ እንኳ የጠላውን አተላ፣ የጠጁን አምቡላ ብለን ለይተናል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ቃና አለ። ቃና የጠላውም ነው፣ የዜማውም ነው፣ የግጥሙም ነው፤ ጣዕምን ከድምፅ ጋር በአንድ ቃል የያዘ ቋንቋ ይዞ «ቃል የለኝም» ማለት ነውር ነው።

ካሲስ ካልን ቀምሰን እንበል። ያልቀመስነውን ፍሬ ስም እየጠሩ መራቀቅ ቅምሻ አይደለም፤ ንባብ ነው። አጋም የለም እንዴ? ዶቅማ የለም? ቀጋ፣ እንጆሪ፣ ወይራ፣ ጥንጁት፣ አዲስ የተለፋ ቆዳ፣ የመስከረም አፈር? የመጀመሪያው የፈረንሳይ ቀማሽም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከእናቱ ጓሮ ያገኘውን ፍሬ ስም ጠራ። የእኛ ጥፋት የእናቱን ጓሮ ሳይሆን ጥሪውን መቅዳታችን ነው።

እዚህ ላይ የሌላውን ወገን ጩኸት እሰማለሁ። «ታዲያ ጠጃችን ከቦርዶ ይበልጣል በለና!» አልልም። ጠጅ ማር፣ ውኃና ጌሾ ነው፤ የወይን ልጣጭ ታኒን የለበትም፤ የጌሾው ምሬት ሌላ ዓይነት ነው፤ አብዛኛው ጠጅ በደረሰ ሰሞን ሲጠጣ ነው ደስ የሚለው። ስኳር የተደፋበትማ ቢከርምም ባይከርምም ያው ነው። «ወይንን ለዓለም ያስተማርነው እኛ ነን» የሚለውም ወሬ አይረዳንም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የኢጣሊያና የሎዶቅያ ወይን ጠጅ ይቆጥራል፤ ብዙ አይደለም የሚልም ጨምሮበታል። ከጥንት ጀምሮ የሰው ወይን ጠጥተናል፤ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በሰው ምላስ መቅመሱ ነው።

የሰው ምላስ ደግሞ እንደሚወራለት አይደለም። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃምሳ አራት የወይን ሳይንስ ተማሪዎችን ነጭ ወይን አቀመሰ፤ አንደኛው ብርጭቆ ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም የተነከረ ነበር። ተማሪዎቹ ያንን ቀይ የመሰለ ነጭ ወይን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ዓይን አፍንጫን መራው። ከመቶ የተሰጠ ነጥብ ቀድሞ የተነገረን እኛስ ከእነሱ በምን እንሻላለን?

ለዚህ ነው ስለ ቅምሻ ሳስብ የቃና ዘገሊላ ሠርግ ከልቤ የማይጠፋው። በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የምናከብረው ታሪክ በአንድ በኩል ጠርሙሱ የተሸፈነ ቅምሻ ነው። የግብዣው አሳዳሪ ወይን ጠጁ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ቀመሰ፤ መልካሙን እስከ አሁን አቆየህ ብሎ ሙሽራውን ጠራው። ያ ወይን ዕድሜ አልነበረውም፤ ሰዎቹ ጋኖቹን በውኃ ከሞሉ ገና መቅጃ ጊዜ ነበር ያለፈው። አሳዳሪው ዕድሜውን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚቀርበውም በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ዘቢብ ነው እንጂ የከረመ ወይን አይደለም። መክረም አንድ መልካም ነገር ነው፤ ብቸኛው መልካም ነገር ግን አይደለም።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። የቦርዶው የካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ተክሎ ሪፍት ቫሊና አካሲያ የሚባሉትን ወይኖች በ2014 ለገበያ አቀረበ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ተጋድሞ የተቀመጠ አንድ ሣጥን የት ይገኛል? አዲስ አበባ ውስጥ ቀዩን በኮካ በርዞ የሚጠጣውን አልነቅፍም፤ እኔም በተማሪነቴ ጉደርን እንዲያ ጠጥቼዋለሁ፤ ይጥማል። ምናልባትም እነዚያ ወይኖች ቶሎ እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው፤ ምናልባት በሦስት ዓመታቸው ጃጅተዋል። ግን «የኢትዮጵያ ወይን አይከርምም» የሚለኝ ሰው ከየትኛው ምድር ቤት አውጥቶ እንደቀመሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ካልነገረኝ፣ በ1976 ፓሪስ ላይ የተባለውን ነው የሚደግመው።

የካስትሮ ቫሊው ባለቤት ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ «እንግዲያው እንቅመስ» አሉ። በመጪው ወር ስድስት ጠርሙስ በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል፤ ሁለት የቦርዶ፣ ሁለት ከማዶ ተራራ፣ አንድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ሪፍት ቫሊ፤ ስድስተኛውን እሳቸው ይመርጣሉ። ማንም ከመናገሩ በፊት አክስቴ ትቀምሳለች። ፍርዱ የሚጻፈው በአማርኛ ነው።

ይህን ስነግራት ብዙም አልተደነቀችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ጠርሙሶቹ እንዴት ነው የሚቀመጡት? በጎናቸው ተጋድመው አልኳት።

«እንግዲያው ከአንድ ቀን በፊት አቁሙልኝ» አለች። «አምቡላው ይረፍ።»